«ቴክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በየቦታው ለመጠቀም

ደሴ ውስጥ ለጀማሪዎች እንግሊዝኛ በማስተምርበት ወቅት አንድ ተማሪ ከፒያሳ ሆጤ ድረስ በባጃጅ መሄዱን ሊነግረኝ ፈልጎ «አይ ሄልድ ኤ ባጃጅ» አለኝ። በአማርኛ «ባጃጅ ያዝኩ» ስለምንል አስተሳሰቡ ይገባኛል፤ እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ቢሰማው ግን ተማሪው ባጃጇን በሁለት እጁ ጨብጦ የቆመ ይመስለዋል። ለዚህ ቦታ የሚስማማው ግሥ «ቴክ» ስለሆነ «አይ ቱክ ኤ ባጃጅ» ማለት ነበረበት።

ችግሩ የሚጀምረው «ቴክ» ማለት «ወሰደ» ነው ብለን አንድ ጊዜ ከሸመደድን በኋላ ሌላውን ሁሉ በዚያው ለመፍታት ስንሞክር ነው። የዚህን ግሥ ትርጉም በአብዛኛው የሚወስነው ከኋላው የሚከተለው ስም ስለሆነ፣ አንባቢ ግሡ ላይ ከመቆሙ በፊት ዓይኑን ወደ ስሙ ቢያሻግር ይሻለዋል። ስሙ ፎቶ ከሆነ «አነሳ»፣ ፈተና ከሆነ «ተፈተነ»፣ ኪኒን ከሆነ «ዋጠ» ይሆናል፤ የሚጠጣ ሽሮፕም ቢሆን እንግሊዝኛው ያው «ቴክ» ነው። ፈተናን በተመለከተ፣ «ቴክ» መፈተንን እንጂ ማለፍን እንደማይገልጽ መታወቅ አለበት።

አንዳንድ ጊዜ ግሡ የራሱን ትርጉም ጨርሶ ይተዋል። «ቴክ ኤ ሲት» ሲባል ወንበር አንሥቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ ተቀመጥ ማለት ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ እኛም «ቁጭ አለ» ወይም «ዞር አለ» ስንል «አለ» የመናገር ትርጉሙን ትቶ ለፊተኛው ቃል መደገፊያ ብቻ ሆኗል። «ቴክ ኤ ዎክ»፣ «ቴክ ኤ ሬስት»፣ «ቴክ ኤ ሻወር» የሚሉትን በዚህ መንገድ ማየት ነገሩን ያቀላል። ቁርስና ምሳን ግን በ«ቴክ» ከመግለጽ ይልቅ «ሃቭ» ማለት የተለመደ ነው።

የኃላፊ ጊዜው «ቱክ»፣ ሦስተኛው ቅርጹ «ቴክን» ስለሆነ «ቴክድ» የሚባል ነገር የለም።

ጊዜን ስንገልጽ «ቴክ» የ«ፈጀ»ን ቦታ ይይዛል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቁልቁለት 40 ደቂቃ ቢፈጅብኝ «ኢት ቱክ ሚ ፎርቲ ሚኒትስ» እላለሁ። «ፈጀ»ን ከ«ጨረሰ» ጋር አገናኝተው «ፊኒሽድ» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በ«ፈጀብኝ» መጨረሻ ላይ ያለችው «‑ብኝ» በእንግሊዝኛው ከግሡ ቀጥሎ «ሚ» ሆና እንደምትገኝም ልብ ይሏል።

ይህች ምዕላድ ግን ሁልጊዜ በዚህ መልክ አትተረጎምም። «ስልኬን ወሰደብኝ» የሚለው «ሂ ቱክ ማይ ፎን ፍሮም ሚ» ሲሆን፣ «ዕቃውን ወሰደልኝ» የሚለው ደግሞ «ፎር ሚ» ይጨመርበታል። አማርኛ በ«ብ» እና በ«ል» የሚለየውን ጉዳትና ጥቅም እንግሊዝኛው በመስተዋድድ ስለሚለይ፣ መስተዋድዱን የዘነጋ ሰው የተሰረቀውንና የተረዳውን አንድ ያደርጋቸዋል።

«ቴክ»ን ከ«ብሪንግ» መለየት «ወሰደ»ን ከ«አመጣ» እንደመለየት ስለሆነ ለእኛ ብዙም አያስቸግርም። ደሴ ላይ ያለ ሰው «ይህን ኮምቦልቻ ውሰድልኝ» ሲል «ቴክ» ይላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ደውሎ «አምጣልኝ» ሲል «ብሪንግ» ይላል። ተላላኪው በስልክ ለሚጠብቀው ሲመልስም «አመጣልሃለሁ» እንደምንለው ሁሉ «ብሪንግ»ን ይጠቀማል።

ተማሪዎቼን እጅግ የሚያደክማቸው «ቴክ ኦፍ» ነው፤ ልብስ ወይም ጫማ ከሆነ ማውለቅን፣ አውሮፕላን ከሆነ ከመሬት መነሣትን ይገልጻል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ አውሮፕላን «ቱክ ኦፍ» ይባላል፤ የሚከተለው ተሳቢም አይኖርም። ጫማ በምናወልቅበት ጊዜ ግን ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ መሐል መግባት ስላለበት «ቴክ ዜም ኦፍ» እንጂ «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። «ቴክ አፍተር» ደግሞ በመልክ ወይም በጠባይ ከወላጅ ወይም ከዘመድ መመሳሰልን ያመለክታል።

በመነኻሪያ ሚኒባስ ውስጥ ባዶ የሚመስል ወንበር አይተን «ሰው አለው?» ብለን እንደምንጠይቀው፣ እንግሊዝኛው «ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» ይላል። «ኖ» የሚል መልስ ከተሰጠ ወንበሩ ባለቤት የለውምና መቀመጥ ይቻላል፤ «ካን አይ ሲት ሂር?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ግን ያው «ኖ» ክልከላ ነው።