ቬጋስ ለምትሄዱ፦ ርካሽ ካሲኖና ጥሩ ፒዛ

ቬጋስ ስትሄዱ ስትሪፕ (ትላልቆቹ ካሲኖዎች የተደረደሩበት ዋና ጎዳና) ላይ ብቻ ኪሳችሁን አታራግፉ። ዱስ (Deuce) የሚባለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ 24 ሰዓት ይሠራል፤ በሱ መሀል ከተማ ወዳለው ፍሪሞንት ጎዳና ሂዱ። እዛ ያለው ኤል ኮርቴዝ በፈረንጆቹ 1941 የተከፈተ ካሲኖ ነው፤ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፣ ግን ኪስ አይጎዳም። ብላክጃክ (21 የሚባለው የካርታ ጨዋታ) ልትጫወቱ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ 3 ለ 2 ካለ 10 ዶላር አስይዛችሁ ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21) ሲመጣላችሁ 15 ይከፍላችኋል፣ 6 ለ 5 ካለ 12 ብቻ፣ ስትሪፕ ላይ ርካሽ የሚመስለው ጠረጴዛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው።

ፒዛ? እዛው ፍሪሞንት ላይ ኢቭል ፓይ የሚባለው ፒዛ ቤት በቁራጭ ይሸጣል። ስትሪፕ ላይ ከሆናችሁ ኮስሞፖሊታን ሆቴል 3ኛ ፎቅ ውጡ፤ እዛ ያለው ፒዛ ቤት ታፔላ የለውም፣ ግድግዳው በዘፈን ሸክላ ሽፋን የተሞላውን ጠባብ ኮሪደር ተከተሉ። ካጣችሁት የታክሲ ሹፌር ጠይቁ፣ ሐበሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።