ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሥራ ስህተትንና ችግርን ለአለቃ እንዴት ማሳወቅ ይቻላል

በሥራ ቦታ ትልቅ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ ችግሩን ቀድሞ ያየ ሰው እንደነበረ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ያየው ሰው ጨርሶ ዝም አላለም ይሆናል፤ ግን ዘግይቶ፣ አለባብሶ ወይም ለማይመለከተው ሰው ነው የተናገረው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ስህተቱ የራስዎ ቢሆን፣ የሌላ ሰው ቢሆን ወይም የማንም ያልሆነ ብልሽት ቢሆን፣ ጉዳዩን መወሰን ለሚችለው ሰው በጊዜው ለማድረስ ያገለግላሉ።

1. ጉዳቱ እንዳይሰፋ ያቁሙ፣ ማስረጃውን ግን አይንኩ

ማሽን ከሆነ ያጥፉት፤ ገና ያልጸደቀ ክፍያ ወይም ያልወጣ ደብዳቤ ከሆነ ይያዙት። በራስዎ ሥልጣን ማቆም የሚችሉትን ብቻ ያቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው ማቆምንና ማረምን እያምታታ ነው። ማንም ሳያውቅ ላስተካክለው ብሎ መዝገቡን ይሰርዛል፣ ኢሜይሉን ያጠፋል፣ በፋይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ ተራ የሥራ ጉድለት ነበር። ከተሰረዘ በኋላ ግን የታማኝነት ጥያቄ ይሆናል፤ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚያስቀርበውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። የተሳሳተው ሰነድ እንዳለ ይቆይ፤ ማረሚያው ከጎኑ በቀንና በፊርማ ይግባ።

ወዲያውኑ ሦስት ነገር በማስታወሻ ይያዙ፦ ምን አዩ፣ በስንት ሰዓት፣ የት። ማታ ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ ከተባለ ሰዓቱና ቅደም ተከተሉ ይዛባል።

2. ያዩትን ከገመቱት ይለዩ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በቀኝ በኩል ያዩትን፣ በግራ በኩል የገመቱትን ይጻፉ። «ደረሰኝ ቁጥር 417 ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ያዩት ነው። «ገንዘብ ያዡ ግድ የለውም» ግምት ነው፤ ምናልባት ትክክል ይሆናል፣ ግን ወደ አለቃዎ የሚሄደው የቀኙ ረድፍ ብቻ ነው። «ሁልጊዜ»፣ «በጭራሽ»፣ «ሆን ብሎ» የሚሉ ቃላት ከተገኙ ወደ ግራ ያሻግሯቸው። ሁልጊዜ ነው ካሉ ስንት ጊዜና መቼ መቼ እንደሆነ ይቁጠሩ።

ለማጣራት ለራስዎ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይስጡ። የሰው ደኅንነት ካለበት ግማሽ ሰዓቱም አይኖርም፤ ሳያጣሩ ይናገሩ። «ሙሉ መረጃ ልያዝ» ማለት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለፍርሃት የተሰጠ ጨዋ ስም ነው።

3. መልእክቱን በአራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

በመጀመሪያ የተለመደውን አጻጻፍ እንይ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋሉ? ከክፍያ ጋር የተያያዘች ትንሽ ነገር ነበረች። ያን ያህል የምታሳስብ አይደለችም፤ ሲመችዎ ብናወራ ደስ ይለኛል።»

አለቃው ይህን አንብቦ «እሺ፣ ሐሙስ» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን የሚያሳይ አንድም ቃል የለበትም፤ እንዲያውም እንዳይቸኩል ተነግሮታል። ያው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦

«ደረሰኝ ቁጥር 417 ለዛሬው ክፍያ ሁለት ጊዜ መግባቱን ጠዋት 4፡20 ላይ አየሁ። ደረሰኙ በኢሜይልም በወረቀትም ደርሶን ነበር፤ ሁለተኛውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ባንኩ ክፍያውን ከሰዓት 9፡00 ላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ካለፈ በኋላ ገንዘቡ የሚመለሰው አቅራቢው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍያ እንዲሰረዝ እስከ 8፡00 ድረስ እንዲፈርሙልኝ እጠይቃለሁ፤ ቅጹን አዘጋጅቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጫለሁ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከምን እንደመጣ፣ ሦስተኛው ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ አራተኛው ከአለቃው ምን እንደሚፈለግ ይናገራል። ይህ አደራረግ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሎች የገባ ነው፤ ነርሶች ስለ በሽተኛ ሁኔታ ለሐኪም በስልክ ሲነግሩ ይጠቀሙበታል። በብዛት የሚዘለለው አራተኛው ነው። ሰዎች ችግሩን ዘርዝረው «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ያበቃሉ፤ አለቃው ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ይጨርሰዋል ብሎ ያስባል፤ ሰዓቱ በመሃል ያልፋል።

«ሁለተኛውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ» የሚለውንም ልብ ይበሉ። «በስህተት ተመዝግቦ ተገኘ» ቢባል ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን አንባቢው ማን መዘገበው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያኔ እየተጎተተ የሚወጣ መልስ ጥፋቱን ያከብደዋል። ይቅርታም አንድ ጊዜ ይበቃል። አምስት ጊዜ ከተደጋገመ አለቃው ችግሩን ትቶ እርስዎን ወደ ማጽናናት ይዞራል።

4. ለሚወስነው ሰው በቀጥታ ይንገሩ

አስቸኳይ ከሆነ በአካል ወይም በስልክ፤ ከዚያ በዚያው ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አይለጥፉ፤ ሁሉም ያየዋል፣ ግን ማንም የእኔ ነው አይለውም። በደንበኛ ፊትም አይነሣም።

የጽሑፉ ጥቅም መልእክቱ በሰው ሰው ሲያልፍ እንዳይሳሳ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተወነጨፈች በ73ኛው ሰከንድ ተሰባብራ ሰባቱም ተሳፋሪዎቿ ሞተዋል። በዋዜማው ምሽት መንኮራኩሯን ወደ ላይ የሚገፉትን ሮኬቶች የሠራው ድርጅት መሐንዲሶች፣ ከ53 ዲግሪ ፋራናይት (12 ሴልሺየስ ገደማ) በታች በሆነ ብርድ የሮኬቶቹ መጋጠሚያ ማሸጊያ ቀለበቶች አያስተማምኑም፣ አትወንጭፉ ብለው በጽሑፍ መክረው ነበር። በኋላ የድርጅቱ ኃላፊዎች ምክሩን ሻሩት። አጣሪው ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት ሰዎች ያ የመጀመሪያ ምክር መኖሩንም አያውቁም ነበር። ስለዚህ ለቅርብ አለቃዎ ከነገሩ በኋላ «ለእገሌ ደርሷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ አለቃን ማለፍ አይደለም።

5. ስጋትን በጥያቄ አይሸፍኑ

ለበላይ ሰው ሲናገሩ ቃልን ማለዘብ አክብሮት ነው፤ ማለዘቡ ግን ሰላምታው ላይ ይሁን፣ ፍሬ ነገሩ ላይ አይሁን። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጭጋግ በወረደበት ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ሊነሣ ሲንደረደር በነበረው የኬኤልኤም (የሆላንድ አየር መንገድ) አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ፣ ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለው፤ መንደርደሩም ቀጠለ። ጥያቄው መልስ አግኝቶ ተዘጋ፤ ስጋቱ ግን አልተነገረም።

ስለዚህ ሰውየውን በስሙ ወይም በማዕረጉ ይጥሩት፤ «አሳስቦኛል» ይበሉ፤ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይናገሩ፤ ከዚያ «ይስማማሉ?» ብለው መልስ ይጠብቁ። ራስ መነቅነቅ መልስ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተናግረው ካልተሰማዎት ወደ ቀጣዩ ኃላፊ ይሂዱ፤ እንደሚሄዱ ግን ለመጀመሪያው ሰው አስቀድመው ይንገሩት።

6. ጥፋቱ የባልደረባ ከሆነ

በመጀመሪያ ለእሱ፣ ለብቻው። «ይህን አይቻለሁ፤ እስከ ነገ ጠዋት 3፡00 አንተ ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል፤ ካልሆነ እኔ ለመናገር እገደዳለሁ።» ቀነ ገደቡ ከሌለ ንግግሩ ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ እርስዎም የምስጢሩ ተካፋይ ይሆናሉ። ስርቆት፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም የደኅንነት አደጋ ከሆነ፣ ወይም ማስረጃ ይጠፋል ብለው ከሠጉ ግን ይህን ደረጃ ይለፉት፤ በቀጥታ ለሚመለከተው ክፍል ይሂዱ።

7. «ዝም በለው» ወይም «ቀኑን ወደ ኋላ አድርገህ ፈርም» ከተባሉ

ከመሟገት በፊት ትእዛዙን በጽሑፍ መልሰው ይጠይቁ፦ «የርክክቡ ቀን ያለፈው ወር ተብሎ እንዲሞላ ነግረውኛል፤ በትክክል ተረድቼ ከሆነ ያረጋግጡልኝ።» በቃል የተሰጠ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቀራል። አብሮ ሌላ መውጫ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በዛሬ ቀን ፈርሞ የዘገየበትን ምክንያት በማስታወሻ ማያያዝ። አለቃው የቸገረው የጎደለ ሰነድ ከሆነ ይህ ችግሩን ይፈታለታል፤ የቸገረው ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ያኔ ይታያል።

ትእዛዙ ከጸና አይፈርሙ። የተባሉትን ከነቀኑ በራስዎ ማስታወሻ ይያዙ፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ግን ወደ ቤት አይውሰዱ፣ በስልክዎ ፎቶ አንሥተውም ለሌላ አይላኩ፤ ራስዎ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጣዩ በር የውስጥ ኦዲት ወይም የሥነ ምግባር ክፍል ነው።

መጥፎ ዜና የሚነገርዎ እርስዎ ከሆኑ

መጀመሪያ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ»፣ ቀጥሎ «አሁን ምን ይደረግ?»። «ማን ነው ያደረገው?» የሚለው ጉዳቱ ከቆመ በኋላ ይጠየቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በናሳ የሚካሄድ የአቪዬሽን ስህተት ማሳወቂያ ሥርዓት አለ፤ ደንብን ሆን ብሎ ያልጣሰ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ካስታወቀ፣ ወንጀልና አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ጥሰቱ ቢረጋገጥበትም በአብዛኛው ቅጣት አይጣልበትም። የአንድ ክፍል ኃላፊም ይህን በትንሹ ሊያደርገው ይችላል፦ በዕለቱ ለተነገረ ስህተት አንድ ዓይነት፣ ተደብቆ ለተገኘ ሌላ ዓይነት አያያዝ እንዳለው አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ቃሉንም ይጠብቅ። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ለነገረዎ ሰው ምን እንደተደረገ፣ ምንም ካልተደረገም ለምን እንደሆነ ይንገሩት።