አሮጌ የአሜሪካ ሰዓት እምቢ ሲል

ሻጩ «ሰዓቱ ጤነኛ ነው፣ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ነው የቆመው» ካላችሁ ዋጋውን አስቀንሱት። የእጅ ሰዓት በመሙላት ብዛት አይቆምም። ሞላው እስከ ጥግ ተጠቅልሎ መሄድ ካቃተው የያዘው ሌላ ነገር አለ።

እኔ የምሰበስበው ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የተሠሩትን ነው፤ ሃሚልተን፣ ኤልጂን፣ ዋልታም፣ ቡሎቫ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዋልታም በ1957፣ ኤልጂን በ1968፣ ሃሚልተን በ1969 አሜሪካ ውስጥ ማምረት አቁመዋል። ስለዚህ ትኩስ መለዋወጫ ከፋብሪካ አይመጣም። ያለው ከሌላ ሰዓት የተፈታ፣ ወይ ከአንድ ጡረታ የወጣ ሰዓት ሠሪ መሳቢያ የተረፈ ነው። ዕቃ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት በሽታውን ለዩ።

ሙሉ ነው፣ ግን አይሄድም

ቀስ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ሦስት አራት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። በጣም የተለመደው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ዘጠና እጅ ባልልም አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው። ከአርባና ሃምሳ ዓመት በፊት የተቀባው ዘይት ሙጫ ሆኗል።

መፍትሄው ላዩ ላይ ዘይት ጠብ ማድረግ አይደለም! ይሄን ያደረገ ሰው ሰዓት ገዝቼ አውቃለሁ፤ በር ማጠፊያ ላይ የሚረጨውን ነገር ረጭቶበት ነበር። ለሁለት ቀን ሄደ፣ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ጭቃ ሆነ። መፍታት፣ ማጠብ፣ ከዚያ በልክ መቀባት ነው ያለው።

ስትፈቱ መጀመሪያ የሞላውን ጉልበት አውርዱ። መሙያውን በጣታችሁ ያዙ፣ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘውን ትንሽ ምላስ በወረንጦ ገፋ አድርጉ፣ ከዚያ መሙያው ጣታችሁ ውስጥ ቀስ እያለ ይመለስ። ይሄን ዘላችሁ ሹካዋን (መዘውሮቹን እየያዘች በልክ የምትለቀውን ትንሽ ዕቃ) ካነሳችሁ መዘውሮቹ በአንድ ጊዜ ፍርርር ብለው ይለቃሉ፤ የሚሰበር ካለ ያኔ ነው የሚሰበረው። እያንዳንዱን ቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እኔ «አስታውሰዋለሁ» ብዬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የሁለት ቪቴዎች ቦታ ስፈልግ ውያለሁ።

ለማጠቢያ የላይተር ቤንዚን ለጀማሪ ይበቃል፤ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይኑር። የመዘውሮቹ ዘንግ ጫፍ የሚገባባቸው ትንንሽ ድንጋዮች መሃል ያለችውን ቀዳዳ ጫፉ በተሳለ ስቴኪኒ እያሽከረከራችሁ ጥረጉ። ስቴኪኒው ጠቁሮ ይወጣል፣ እንደገና ሳሉት፣ ንፁህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሹካዋን አልኮል ውስጥ አትዘፍዝፏት። ሁለቱ ቀይ ድንጋዮቿ የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው፣ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። ስትቀቡም ዘይቱ ድንጋዩ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ግማሽ እንኳ አይሙላ።

መሙያው ያለ ምንም ግፊት ይሽከረከራል

ሞላው ተበጥሷል። የድሮ የብረት ሞላ ሳይታሰብ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል፣ የናንተ ጥፋት አይደለም። ወርዱን፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን ለክታችሁ የማይዝገውን ነጭ ሞላ ግዙ። ጥርሱ እየተሰማ ተሞልቶ ስትለቁት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን ሞላውን ተዉት፤ ያቺ ምላስ ወይም የምትገፋት ቀጭን ሽቦ ናት።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀድማል

እነዚህ ሰዓቶች አብዛኞቹ በሴኮንድ አምስት ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታሉ። እንዲህ የሚያብድ ሰዓት ግን ባላንሱ (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው መዘውር) ላይ ያለችው የፀጉር ሞላ ጥቅልሎቿ እርስ በርስ ተያይዘውበታል። ሞላዋ ስታጥር ሰዓቱ ይፈጥናል። ወይ ዘይት ነክቷታል፣ ወይ ማግኔት ይዟታል። ኮምፓስ አጠገቡ አስቀምጡ፤ መርፌው ከሰዓቱ ምት ጋር ከተንቀጠቀጠ ማግኔት ነው። ማግኔት ማጥፊያዋ ርካሽ ናት፦ ቁልፉን ተጭናችሁ ሰዓቱን ቀስ እያላችሁ ክንዳችሁ እስኪዘረጋ አርቁት፣ ከዚያ ቁልፉን ልቀቁ። ኮምፓሱ ዝም ካለ ቀሪው ማጠብ ነው።

ሲዘገይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ የደከመ ሞላ። አንድ ጓደኛዬ ክንዴ ላይ ያለውን ሃሚልተን አይቶ «ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» አለኝ። እሱ ብልሽት አይደለም፣ በሀበሻ አቆጣጠር ነው የሞላሁት።

በጀርባው ሲተኛ ይሄዳል፣ ሲገለበጥ ይቆማል

ይሄ የወደቀ ሰዓት ነው። ባላንሱ የሚሽከረከርበት ዘንግ ጫፉ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፣ የ1930ዎቹና የ40ዎቹ ሰዓቶች አብዛኞቹ ደግሞ መውደቅን የሚያበርድ ነገር የላቸውም። በአጉሊ መነፅር እዩት፤ ባላንሱ ዘመም ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ ጫፉ ተሰብሯል። ዘንግ መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልደፍረውም። የምመክረው ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ገዝቶ ሙሉ ባላንሱን ማዛወር ነው። ኤልጂን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰዓት ስለሠራ ለመጀመሪያ ሰዓት የምመርጠው እሱን ነው። ስትፈልጉ በፊቱ ላይ ባለው ስም አትሂዱ፤ ማሽኑ ላይ በተቀረፀው የሞዴል ቁጥር ሂዱ። ቡሎቫና ግሩን ስማቸው አሜሪካዊ ሆኖ ሆዳቸው ብዙ ጊዜ የስዊዘርላንድ ነው። የቡሎቫ ዕድሜ ግን ቀላል ነው፦ ከ1950 ጀምሮ በተሠሩት ላይ የላቲኗ ኤል (L) እና 5 ከተቀረፁ 1955፣ ኤም (M) እና 3 ከተቀረፁ 1963 ማለት ነው።

ይመታል፣ ቆጣሪዎቹ ግን ባሉበት ናቸው

የደቂቃ ቆጣሪዋ የምትቀመጥባት ቱቦ ላልታለች። ሰዓቱን ስታስተካክሉ ቆጣሪዎቹ ቅቤ ላይ እንዳሉ ከተንሸራተቱ እሷው ናት። በጣም በትንሹ ጠበቅ ማድረግ ነው። ከበዛ ትሰነጠቃለች።

መሙያው እጄ ላይ ቀረ

ብዙ ጊዜ የመሙያውን ዘንግ የምትይዘው ቪቴ ናት የላላችው። ዘንጉን መልሳችሁ አስገቡና ጠበቅ አድርጓት። ሆን ብላችሁ ስታወጡት ደግሞ አንድ ዙር ተኩል ብቻ አላሉ። ሙሉ በሙሉ ከፈታችኋት ከሥር ያለው ዕቃ ከፊቱ በታች ይወድቅና ፊቱንና ቆጣሪዎቹን ሁሉ ማንሳት ይመጣል።

ቁጥሮቹ ድሮ ያበሩ ነበር፣ አሁን አያበሩም

ምንም አታድርጉ። ከ1960ዎቹ በፊት ቀለሙ ብዙ ጊዜ ጨረር የሚረጨው ሬዲየም ነው። የጠፋው ብርሃኑ ነው እንጂ ሬዲየሙ እዚያው አለ፤ ግማሹ ለማለቅ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አትፋቁት፣ አቧራውን በአፋችሁ እፍ አትበሉት፣ ቡናችሁን ከጠረጴዛው አርቁ። በኒው ጀርሲ ኦሬንጅና በኢሊኖይ ኦታዋ ብሩሽ በከንፈራቸው እያሾሉ ይህን ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ ታመው ሞተዋል።

ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ጥዝዝ ይላል

ይሄ ጤነኛ ነው፤ በባትሪ የሚሠራው የቡሎቫ አኩትሮን ነው። በ1960 ወጣ፣ ውስጡ በሴኮንድ 360 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ዓይነት ሹካ፣ እንደ ሙዚቃ መቃኛ ያለ፣ አለ። የሚቀድም ከሆነ ግን ባትሪውን እዩ። የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር፣ ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል፣ ዛሬ የሚገባለት 1.55 ነው። ወይ ለአዲሱ ባትሪ የሚያስተካክልላችሁ ሰው ፈልጉ፣ ወይ ቮልቱን ዝቅ የሚያደርግ ማቀፊያ ግዙ። በካቻቢቴ ውስጡ አትግቡ፤ ጠምዛዛዎቹ (ኮይሎቹ) ላይ ያለው ሽቦ በዓይን እንኳ በግድ ነው የሚታየው። የእኔው በምሽት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው እንጨቱን አልፎ ይሰማኛል።