ለቪዲዮና ለዲዛይን ሥራ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት የታወቀ ነው። «አይ ሰቨን ነው፣ ራሙ 16፣ ግራፊክስ አለው፣ ስላይት ዩዝድ፣ ከአሜሪካ የመጣ።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ግን ለእናንተ ሥራ ላይሆን ይችላል። ደሴ ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ሆነ ከሚሴ፣ ሠርግ የሚቀርፀውም፣ ባነር የሚሠራውም፣ መንዙማ የሚያቀናብረውም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ የቱ ይሻላል? ለምን እንደምትፈልጉት ሳትናገሩ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ያለውን ዕቃ ሊሸጥላችሁ ነው።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር አይሠራም። የምጽፈው ብራችሁን የቱ ላይ እንደምታውሉት ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ለዩ

ፖስተር፣ ሎጎ፣ የሠርግ ካርድና ፎቶ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያሰላው ክፍል፣ አያስፈልጋችሁም። ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር የሚወዱት ራም (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) እና ጥሩ ስክሪን ነው። ሙዚቃ የምታቀናብሩ ከሆነ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ጭራሽ ከንቱ ወጪ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ጠንካራ፣ ራሙ ሰፊ፣ ፋኑ ደግሞ ዝምተኛ ይሁን። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አምባሰልን በማሲንቆ እየቀዳችሁ ላፕቶፑ አጠገባችሁ ሲያጉረመርም ማይኩ እሱንም አብሮ ይቀዳዋል።

ቪዲዮ ሌላ ጉዳይ ነው። ቪዲዮ ሁሉንም ይፈልጋል። ስሪዲ የምትሠሩ፣ በተለይ ብሌንደር፣ የኤንቪዲያ ካርድ ያለውን ፈልጉ። ሬንደር የሚያደርገው፣ ማለትም ሥራውን ወደ ያለቀ ምስል የሚቀይረው፣ እሱ ነው።

«አይ ሰቨን» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም

ሰባት ቁጥር ከአምስት ስለሚበልጥ ብቻ የሚከፈል ብር ያሳዝነኛል። ጀነሬሽኑን፣ ማለትም ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ፣ እዩ። አይ 7-7500 ዩ የሚባለው ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) ብቻ ነው ያለው። አይ 5-8250 ዩ ግን አራት ኮር አለው። ሁለተኛው «አይ ፋይቭ» ነው፣ ግን ለሥራ እሱ ይሻላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጀነሬሽኑን ይነግራችኋል፦ 8250 ሲል ስምንተኛ፣ 10750 ሲል አሥረኛ፣ 12700 ሲል አሥራ ሁለተኛ።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ቀላል አይደለችም። ዩ ማለት መብራት የሚቆጥብ፣ ለቀጫጭን ላፕቶፕ የተሠራ ነው። ኤች ማለት ጉልበት ያለው፣ ግን የሚሞቅና ባትሪ የሚበላ። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ኤች ይሻላል፤ ለዲዛይን ብቻ ከሆነ አዲስ ጀነሬሽን ያለው ዩ ይበቃል። ኤኤምዲ ራይዘንም ሸጋ ነው፣ «ኢንቴል ካልሆነ» የሚላችሁን አትስሙት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ አዳዲሶቹ የሶኒ ካሜራዎች በ10 ቢት 4:2:2 ኤች 265 (ቀለሙ የበዛ፣ በጣም የታመቀ የቪዲዮ ዓይነት) ሲቀርፁ ፋይሉን ለማጫወት የሚያቅተው ማሽን ብዙ ነው። የኢንቴል 11ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉት ላፕቶፖች ውስጥ ያለችው ትንሿ ግራፊክስ ይህን ታቃልላለች። ካሜራችሁ እንዲህ የሚቀርፅ ከሆነ ይህ ብቻውን ምርጫችሁን ሊወስን ይችላል።

ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከዚያ በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አብቅቷል። ርካሽ ሰባተኛ ጀነሬሽን ገበያው ላይ የበዛው አለምክንያት አይደለም።

ስናፕድራገን የሚል የተለጠፈበት አዲስ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ ባትሪው ሊያስደስታችሁ ይችላል። ግን አርም የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው። የቆየ ፕለጊን፣ የሳውንድ ካርድና የፕሪንተር ድራይቨር እምቢ ሊለው ይችላል። የምትጠቀሙበት ነገር ሁሉ እንደሚሠራ ሳታዩ አትክፈሉ።

«8 ጂቢ ግራፊክስ አለው»

ይህን ሲሏችሁ አትከራከሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። ታች ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ ዴዲኬትድና ሼርድ። ዴዲኬትድ የሚለው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። ሼርድ የሚለው ከራም የሚበደረው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሙ ግማሽ ነው። ስለዚህ 16 ራም ያለው ማሽን፣ ምንም ካርድ ባይኖረው እንኳ፣ ሼርድ ላይ ወደ 8 ጂቢ ያሳያል። «8 ጂቢ ግራፊክስ» የተባለው እሱ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሻጭ ሆን ብሎ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ግን እሱም አያውቅም።

ለሠርግ ቪዲዮ ዴዲኬትድ 4 ጂቢ መነሻ ነው። ጂቲኤክስ 1650 ወይም አርቲኤክስ 3050 ያለው ዩዝድ ማሽን ለፉል ኤችዲ ሥራ ይበቃል። ፎርኬ የምትሠሩ ከሆነ፣ በተለይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ፣ 6 ወይም 8 ጂቢ ፈልጉ፤ ሪዞልቭ ካርዱን አጥብቆ ነው የሚይዘው። የካርዱ ስም አንድ ሆኖ ጉልበቱ እንደሚለያይም እወቁ። አርቲኤክስ 4050 ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ነው የሚሠራው፤ ስስ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውና ወፍራሙ ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም።

ዩዝድ ከሆነ ደግሞ ጌሚንግ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ዓይናችሁ አይቅር። ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ የሚባሉት ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ናቸው። መልካቸው አይስብም፣ ይከብዳሉ፣ ግን ለመፍታትና ለመጠገን የሚመቹ ናቸው።

ራምና ዲስክ

ዛሬ 8 ጂቢ ራም ለዚህ ሥራ አይበቃም። 16 ይሁን፣ ፎርኬ ከሆነ 32። አሁን 32 መግዛት ካልቻላችሁ አብሽር፣ በኋላ መጨመር የሚቻልበትን ግዙ። እሱንም ታስክ ማናጀር ያሳያችኋል፤ ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ከሁለት ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። ብዙዎቹ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ላይ 8 ጂቢ ከገዛችሁ ዕድሜ ልኩን 8 ነው። አንድ 16 ከሚሆን ሁለት 8 ሆኖ ቢሰካ ደግሞ ፈጣን ነው፣ በተለይ የራሱ ካርድ የሌለው ማሽን ላይ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ የበለጠ። 512 ጂቢ መነሻ ነው። ያለቀ ሥራ ኤክስተርናል ላይ ይቀመጥ።

ስክሪኑ ላይ ጊዜ ውሰዱ

እዚህ ላይ አልቸኩልም፣ ምክንያቱም ደካማ ፕሮሰሰር የሚያሳጣችሁ ደቂቃ ነው፤ መጥፎ ስክሪን ግን የሚያሳጣችሁ ደንበኛ ነው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቀለም መለኪያ 45 በመቶ የሆነ ስክሪን ይዘው ነው የሚመጡት። ቀለሙ የደበዘዘ ነው። እናንተ ደግሞ ደበዘዘብኝ ብላችሁ ቀዩን ትጨምራላችሁ፣ ሙሽራዋ ስልኳ ላይ ስትከፍተው ፊቷ የበርበሬ ቀለም ይሆናል። የምትፈልጉት ኤስአርጂቢ በሚባለው ሌላ መለኪያ 100 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው። ዓይነቱ አይፒኤስ ወይም ኦሌድ ይሁን። ቲኤን የሚባለውን ተዉት።

ሱቅ ውስጥ ይህን በቁጥር ማረጋገጥ ይከብዳል። ስለዚህ በደንብ የምታውቁትን ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የምመርጠው የሙሽራ እጅ ነው፦ እንሶስላ የሞቀ እጅ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ያረፈ፣ ጥለቱ አብሮ የሚታይ። ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ክፈቱት። እንሶስላው ብርቱካናማ ከመሰለ ስክሪኑ ቀይ ይጎድለዋል። የቀሚሱ ሽመና አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ክሩ ከጠፋ ደማቁን ቦታ አይለይም። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት፣ ከጎንም እዩት። ቀለሙ ከተገለበጠ ወይም ከጠቆረ ቲኤን ነው፣ ዝጉትና ሌላ ይምጣ በሉ። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ምስል ከፍታችሁ የሞተች ነጥብና የብርሃን ነጠብጣብ ፈልጉ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ሠርግ ልታሳየኝ ነው እንዴ?» ይላል። ይበል።

ላፕቶፑን ከወደዳችሁት፣ ስክሪኑ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ቀለሙን የጠበቀ ውጪያዊ ሞኒተር ቤት ውስጥ መጠቀምም ይቻላል። ለባነርና ለሕትመት የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ሙቀት፣ መብራትና ቻርጀር

ደሴ ብርድ ነው፣ ላፕቶፕ አይቸገርም። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ቀትር ላይ ስትሠሩበት ግን ያው ማሽን ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያም ሙቀቱን ለመቀነስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ የምትሠሩ ሰዎች ስስና ቆንጆውን ከመምረጥ ወፈር ያለውን፣ ሁለት ፋን ያለውን ምረጡ። አቧራውን በዓመት አንዴ ማስጠረግ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አሻጋሪ ፔስትም ማስቀየር ነው።

መብራት ሲሄድ ሌላ ነገር አለ። ጉልበተኛ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ያም ሆኖ ሬንደር ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ጥር ላይ ሠርግ ሲደራረብ በባትሪ ሬንደር አደርጋለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ኢንቨርተር ካላችሁ የቻርጀሩን ዋት እዩ፤ 180 ወይም 230 ዋት የሚል ቻርጀር ትንሹን ኢንቨርተር ያጠፋዋል።

ቻርጀሩ ኦርጅናል መሆኑን አጣሩ። ዴል ለምሳሌ ቻርጀሩን ካላወቀው ባትሪውን ላይሞላ፣ ፕሮሰሰሩንም ሊያዘገየው ይችላል፤ «ላፕቶፑ ከበደ» የሚባለው ችግር አንዳንዴ ቻርጀር ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነና ሶኬቱ ጠፍጣፋ ከሆነ አትደንግጡ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ገመዱን መቀየር ይበቃል።

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት

ዩዝድ ላፕቶፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። አንድ የፕሪሚየር ወይም የሪዞልቭ ፕሮጀክት በኤክስተርናል ይዛችሁ ሂዱ፣ ፕሮግራሙ ከሌለ ደግሞ ከካሜራችሁ የወጣ ፎርኬ ቪዲዮ አጫውቱበት። እስኪሞቅ ጠብቁ። ዝም ብሎ ከጠፋ ወይም ቪዲዮው መቆራረጥ ከጀመረ ነገሩ ታወቀ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይኑራችሁ፣ የዲስኩን ጤንነት በመቶኛ ያሳያል። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ንኩ፣ ዩኤስቢዎቹን ሁሉ ሞክሩ፣ ካሜራና ድምፅም እንዲሁ። አማርኛ በፓወር ግዕዝ የምትጽፉ ከሆነ ጭናችሁ ፎቶሾፕ ውስጥ አንድ መስመር ጻፉበት።

ከሁሉ የሚከፋው የድርጅት ቁልፍ ነው። ውጭ አገር የድርጅት የነበሩ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ አሁንም ከድርጅቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ምንም አይታይባቸውም። ዊንዶውሱን ሪሴት ስታደርጉና ኢንተርኔት ስታገናኙት ግን የማታውቁት ድርጅት ስም ይዞ ይመጣና የዚያን ድርጅት ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ሲነሳ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ግቡና ፓስወርድ የሚጠይቅ መሆኑንም እዩ። ሻጩ ሪሴቱን እዚያው እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፤ ጊዜ የለኝም ካለ ደግሞ «በሳምንት ውስጥ የድርጅት ቁልፍ ከወጣበት ብር ይመለሳል» የሚል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ከሴሪያል ቁጥሩ ጋር። አዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ይህን በተለይ አጥብቁ፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሶ «አንተ ነህ የሸጥክልኝ፣ አይደለሁም» መባባል ለማንም አይበጅም።