የድሮ ትራክተር ማርሽ አልገባ ሲል፦ ከወገቡ ከመከፈሉ በፊት ምን ይታያል?

ግንቦት ላይ ደምቢያ ውስጥ አንድ ትራክተር ቆመ ማለት የባለቤቱ ችግር ብቻ አይደለም። ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ብዙ ነው። ማርሹ አልገባ፣ ቢገባም ዘግይቶ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ይፈታ" የሚል ነው። እባክዎ ቶሎ አያስፈቱት። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ያለው ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መካከል ነው። እሱን ለማየት ትራክተሩ ከወገቡ ለሁለት መከፈል አለበት። ይህ ጊዜም ገንዘብም የሚበላ ሥራ ነው። መጀመሪያ ከውጭ የሚታየውን ይጨርሱ።

1. ፍሪሲዮኑ ይለቃል ወይ?

ትራክተሩን ሜዳ ላይ ያቁሙት። ከፊቱም ከኋላውም ሰው አይኑር። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት) ይሥራ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፣ ቀስ ብለው እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ዝም ብሎ ከገባ ደህና ነው። ጥርሱ ከተፋጨ፣ ወይም ፔዳሉ ተረግጦ ትራክተሩ መንፏቀቅ ከጀመረ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙዎቹ የድሮ ትራክተሮች ማርሽ የሚቀይሩት ቆመው ነው። እየሄዱ ሲቀይሩ ቢፋጭ ብልሽት ላይሆን ይችላል።

2. ፔዳሉንና ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኙትን ዘንጎች ይዩ

አብዛኛው መፍትሔ እዚህ ስላለ አይቸኩሉ። ሞተሩን ያጥፉ። ፔዳሉን በእጅዎ ይጫኑ። መጀመሪያ ላይ በቀላሉ፣ ባዶውን የሚሄደውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። በብዙ የድሮ ትራክተሮች ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛውን የሚነግርዎት የራሱ የትራክተሩ መመሪያ ነው። ባዶው ርቀት ከበዛ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

ማክሰኝት አካባቢ አንድ ትራክተር ሊከፈል ክሪክ ሁሉ ቀርቦ ነበር። ተንበርክኬ ከሥር አየሁት፤ ልጁ ፔዳሉን በእጁ ይጫናል። ፔዳሉ አራት ጣት ያህል ወረደ፣ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። የዘንጉን ፒን አውጥተን ጭቃውን በጨርቅ ስንጠርገው መሀሉ ተበልቶ ቀጥኗል፣ እንደተጋጠ አጥንት። ቶርኖ ቤት አዲስ ፒን ተሠራለት። በማግስቱ ጠዋት ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። የእኛ አገር ጥቁር መረሬ ፒን ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላል፤ ስለዚህ ፒኖቹን አጥበው ግራሶ መስጠት አይርሱ።

ፒኑም ርቀቱም ደህና ሆኖ ካልለቀቀ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው (ሞተሩ ከሚያሽከረክረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ዝጎ ተጣብቆ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ በቆመ ትራክተር ላይ የተለመደ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙት ፔዳሉ ተረግጦ እንዲቆይ በእንጨት ይወጥሩት።

3. ይንሸራተታል ወይ?

ፍሬን ይያዙ፣ ከፍተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ጋዝ ትንሽ ሰጥተው ፔዳሉን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። እየጮኸ ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ወዲያው ፔዳሉን ይርገጡ፤ ደጋግመው ከሞከሩት ዲስኩን ያቃጥሉታል። ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም ይዩ። ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ የሞተሩ ወይም የካምቢዮው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት) አልቆ ዲስኩ ረጥቧል ማለት ነው።

4. በዘይት ግፊት የሚቀይር ከሆነ

አንዳንዱ ትራክተር ፔዳል ሳይረገጥ በዘይት ግፊት ፍጥነት ይቀይራል። እጀታው ተገፍቶ ትራክተሩ ዘግይቶ ከያዘ፣ መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ይዩ። ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ ፊልትሮውን ይቀይሩ።

መቼ እንደሚዘገይ ማወቅም ይጠቅማል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፣ ጠዋቷ ይበርዳል። በብርድ ብቻ ዘግይቶ ሲሞቅ ከተስተካከለ፣ ዘይቱ ወፍራም ነው ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በመተማ ሙቀት ከዘገየ ደግሞ፣ የደከመ ፖምፓ ወይም ውስጥ ያለቀ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግድ ላስቲክ) ይጠርጥሩ። የዘይቱን ግፊት በጌጅ ሳይለኩ አይፍቱ።

የማሲ ፈርጉሰን መልቲ ፓወር (እንዲህ በዘይት ግፊት ፍጥነት የሚቀይር) ያለው ሰው ደግሞ ይህን አጥብቆ ይያዝ፦ እጀታው ዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን አይዝም። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ወደ መተማ ሲወርዱ ከፍተኛው ላይ ያድርጉት። ከፍተኛው የሚይዘው በዘይት ግፊት ስለሆነ፣ መያዙ ከዘገየ ሳይጠገን ቁልቁለት አይውረዱ።

5. መከፈሉ ካልቀረ

ዲስኩን፣ የሚጫነውን ሳህን፣ የመልቀቂያውን ኩሽኔታና ቮላኖው ውስጥ ያለውን ትንሹን ኩሽኔታ አንድ ላይ ያስቀይሩ። አቧራውን በአየር አይንፉት፤ የድሮ ዲስክ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ከሁሉ በፊት ግን የፊት አክሱ ግራና ቀኝ ላይ የእንጨት ሽብልቅ ይምቱ። አክሱ መሀሉ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ ሽብልቅ ከሌለው የተለየው የፊት ግማሽ በጎኑ ይወድቃል፤ መካኒኩ ደግሞ የሚቆመው እዚያው አጠገቡ ነው።