የዳሽቦርድ ስንጥቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

አዳማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውል አሮጌ ዲኤክስ መኪና ዳሽቦርዱ ምንጣፍ ከለበሰ፣ ምንጣፉን ገለጥ አድርጉት። ስንጥቁ እዚያ አለ።

መስታወቱ ከውስጥ ቅባት የመሰለ ጭጋግ ይዟል

ብዙ ሰው አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል። አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይለቃል፤ ይሄ ግን ሲጠርጉት ይቀባባል። የወጣው ከዳሽቦርዱ ነው። ዳሽቦርዱን የሚያለብሰው ፕላስቲክ፣ ቪኒል፣ ለስላሳ የሚሆነው ፋብሪካ ውስጥ ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚጨመርበት ነው። ሙቀት ማለስለሻውን ቀስ በቀስ ያተነዋል፣ መስታወቱ ላይም ያርፋል። የቀረው ቪኒል ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

መስታወቱን በአልኮል ጥረጉ። መኪናውን ስታቆሙ የፊት መስታወቱን በካርቶን ከልሉ። ፖሊሽ ያብለጨልጨዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ጭራሽ ሲሊከን ያለበት ከሆነ በኋላ ማጣበቂያ አላስይዝ ይላል።

ከአየር ማስወጫው ጥግ ቀጭን ስንጥቅ ጀምሯል

ቪኒሉ ሲኮማተር ውጥረቱ ጥግ ላይ ይበረታል። በአልኮል አጽዱና ደርቆም የሚለጠጥ የቪኒል መሙያ አስገቡበት። ሱፐር ግሉ ይቅርባችሁ። ድርቅ ብሎ ይቀርና ስንጥቁ ከጎኑ ይቀጥላል።

ስንጥቁ አፉን ከፍቷል፣ ስፖንጁ ይታያል

እውነተኛው ስራ ይሄ ነው። የተቆለመመውን ጠርዝ ተጭኖ ማጣበቅ አያዋጣም፤ ቪኒሉ ስላጠረ ሁለቱ አፎች አይገናኙም። ጠርዙን በምላጭ ቁረጡት። ከስር የሚፈረፈረውን ስፖንጅ ጠንካራው እስኪገኝ ጥረጉ። መሙያውን በስሱ ቀቡ፣ ሲደርቅ ድገሙት፣ ከአካባቢው ጋር እኩል እስኪሆን። በአንዴ የተደፋ መሙያ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና የቪኒል ቀለም ንፉበት። እውነቱን ለመናገር ፀሐይ በጎን ሲመታው ቦታው ይታያል። ዳሽቦርዱ በሙሉ ከተሰነጣጠቀማ አትድከሙ፤ አስወልቁና ታፒሴሪ ቤት አልብሱት።

የተሞላው እንደገና ተከፍቷል

አብዛኛውን ጊዜ በስቱኮ ስለተሞላ ነው። ስቱኮ ድርቅ የሚል የላሜራ መሙያ እንጂ የቪኒል አይደለም። ቪኒሉ ቀን በሙቀት ሲሰፋ፣ ማታ ሲሰበሰብ፣ ስቱኮው አብሮ አይሄድም። ፈልፍላችሁ አውጡና ከላይ እንዳልነው ስሩት።

የበሩ ልባስ ተልጧል

ያረጀው ኮላ ነው የለቀቀው። አሮጌውን ፋቁ፣ ማስቲሽ የሚባለውን ማጣበቂያ ሁለቱንም በኩል ቀቡ፣ ጣት ሲነካው የማይዝ እስኪሆን ጠብቁና ተጫኑት።

ስንጥቁ ተሳፋሪው ፊት ያለው የኤርባግ ክዳን ላይ ነው

ቪትዝና መሰል መኪና ያላችሁ እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ። ክዳኑ በአደጋ ጊዜ ኤርባጉ፣ ማለትም የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ እንዲወጣ በተሰራለት መስመር ተቀዶ ነው የሚከፈተው። መሙያም፣ ማስቲሽም፣ የሚሸፍነው ምንጣፍም አይሆንም። ክዳኑን ስራውን በሚያውቅ ባለሙያ አስቀይሩ።