ንቅሳትን በሌዘር ለማጥፋት፦ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ምን ይጠብቅ?

ሌዘር ንቅሳትን አይፍቅም። ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ብናኙን ቀስ በቀስ የሚያስወግደው ሰውነትዎ ነው። «በአንድ ቀን ድራሹን እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት።

1. ከዋጋው በፊት ስለ ማሽኑ ይጠይቁ። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒንም የሌዘር ብርሃን ስለሚስብ፣ ያልተስማማ ሌዘር ቆዳውን ያቃጥላል ወይም ነጭ ቦታ ይተዋል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ (Nd:YAG) የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው። ጥያቄው ባለሙያውን ካደናገረው ሌላ ቦታ ይሂዱ። ቁስልዎ ሲድን የሚያብጥ (ኬሎይድ) ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ። በትንሽ ቦታ እንዲሞከርልዎም ይጠይቁ።

2. ቀለሙን ይወቁ። ጥቁር ከሁሉ ይቀላል፤ በጥላሸት የተነቀሰ የአንገት ወይም የግንባር ንቅሳትም ብዙ ጊዜ በደህና ይለቃል። አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ ግን ያስቸግራሉ። በጣም የሚያሳስበው የቅንድብና የከንፈር ንቅሳት ነው፦ ነጭ ወይም ቀይ ቡናማ ቀለም ሌዘር ሲያርፍበት ወዲያው ሊጠቁር ይችላል። ፊት ላይ ሳይሞክሩ መጀመር ድፍረት ነው።

3. በዕለቱ ቆዳዎን ያለ ቅባትና ሜካፕ ይዘው ይሂዱ። ማደንዘዣ ክሬም ይቀባሉ፤ የዓይን መከላከያ ሳይደረግልዎ ማሽኑ አይነሳ። ሕመሙ ከመጥበሻ የሚፈናጠር ዘይት ይመስላል፤ ለትንሽ ንቅሳት ግን ደቂቃዎች ነው። መስመሩ ወዲያው ነጭ ሆኖ ቢያብጥ አይደንግጡ፤ ንጣቱ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

4. ቤት ሲገቡ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ስስ ቫዝሊን ቀብተው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀቡ። ውሃ ቢቋጥር አያፍርጡት፤ ቅርፊቱንም አይላጡ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ትኩሳትን፣ መግልንና እየባሰ የሚሄድ ሕመምን ይከታተሉ። ከታዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከፀሐይም ይጠንቀቁ።

5. ቀጣዩ ቀጠሮ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይሁን። በባለሙያ ማሽን የተሠራ ንቅሳት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የአንዱን ዙር ዋጋ በዙሮቹ ብዛት አባዝተው ያስቡ። ከዚያም በኋላ ጥላው ሊቀር ይችላል። ቦታው ከነጣ ወይም ገና ካልዳነ፣ አስቀድመው የከፈሉበት ቀጠሮ ቢሆንም ያራዝሙት።